ጧሪና ቀባሪ፤ በአዋሽና በሰመራ ከተሞች ስለ አረጋውያን አያያዝ የቀረበ የታሪክ አስተያየት

በአገራችን ሰው ሲመረቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። በዚህ አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተጣምረው ይገኛሉ። አንደኛው ሰው አርጅቶ አቅም ሲያጣ ማብላት፣ ማልበስና ማስታመም ነው፤ ሁለተኛው ሲሞት በወግ መቅበር ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ለያይተው አይናገሩም ነበር፤ የጦረው ይቀብራል፤ የቀበረውም ይወርሳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንወደው በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች፣ ይልቁንም በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ፣ እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንዴት እንደ ተለያዩና፣ መቅበሩ ማኅበር ሲያገኝ መጦሩ ያለ ማኅበር እንዴት እንደ ቀረ ነው።

ሁለቱን ከተሞች አብረን የመረጥናቸው ስለሚመሳሰሉ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ የአፋር ክልል በሚባለው አገር ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ በምድር ባቡር ምክንያት የተቆረቆረ ከተማ ነው። ሰመራ ደግሞ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከሎጊያ አጠገብ፣ ለመንግሥት መቀመጫነት ተብሎ በሜዳ ላይ የተሠራ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ከተማ፣ ሁለተኛው ገና ወጣት ነው ለማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው ግን የአፋር አርብቶ አደር አገር ስለ ሆነ ታሪኩን ከዚያ መጀመር ይገባናል።

የአፋር ሕዝብ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በግመል፣ በከብት፣ በፍየልና በበግ ላይ የቆመ ነው። ዋናውን የክረምት ዝናብ «ከርማ»፣ የበልጉን «ሱጉም» ይሉታል። ዝናቡ ሲጥል ሰውና ከብቱ ወደ ሜዳው ይበተናል፤ በጋው ሲበረታ ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር ይሰበሰባል። ወጣቶቹ የማይታለበውን ከብት እየነዱ ሩቅ ሲሄዱ፣ የሚታለቡት እንስሳት ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር በሰፈር ይቀራሉ። ይህ አሠራር የታሰበው በመጀመሪያ ለከብቱ ነው። ነገር ግን አረጋዊው ወተቱ ባለበት ቦታ እንዲኖር ያደርገዋል፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ደግሞ ወተት ምን ያህል ምግብ እንደ ሆነ መናገር አያሻም። ስለዚህ በአፋር አገር አረጋዊውን የሚጦረው ልጁ ብቻ አልነበረም፤ የከብቱ አከፋፈል ራሱ ይጦረው ነበር።

የጋብቻውም ሥርዓት ለዚሁ ያግዛል። «አብሱማ» በሚባለው ልማድ አንድ ወንድ የአባቱን እኅት ልጅ የማግባት መብት አለው። በዚህ ሥርዓት አማቱ አክስቱ ናት ማለት ነው። ያረጀች ሴት ወደ ልጇ ቤት ስትጠጋ ወደ ባዕድ ቤት አልገባችም፤ የልጇ ባል የገዛ ወንድሟ ልጅ ነው። ልማዱ የልጃገረዶቹን ፈቃድ አይጠይቅም የሚለው ወቀሳ እውነት ስለ ሆነ እኛም ልናመሰግነው አልተነሣንም። ነገር ግን አንድን ሥርዓት ከመንቀፍ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ይበጃል። አብሱማ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ አሮጊቷን መጦር ነበረ፤ ልማዱ ሲቀር ይህ ሥራ ለማን እንደ ተላለፈ ሲጠየቅ አይሰማም።

ከጎሳው ሌላ «ፊዕማ» የሚባል ማኅበር አለ። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶችም ለብቻ በእኩያነት የሚሰበሰቡበት ሲሆን አለቃው «ፊዕማ አባ» ይባላል። ፊዕማ የተጎዳውን አባል ይረዳል፤ አስቸጋሪውንም ይቀጣል። ጥሪ የናቀ አባል ከከብቱ ይከፍላል፤ በቀድሞው ዘመን ታስሮ እስከ መገረፍም ይደርስ ነበር። ከቆልማማ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራውን ክብ ቤት የሚሠሩትና የሚያፈርሱት ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ጉልበት የሌላት አሮጊት ቤቷ የሚተከልላት በሌሎች ሴቶች እጅ ነው። ዛሬ «በጎ ፈቃድ» የምንለው ሥራ እዚያ ነበረ ማለት ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ አልነበረም፤ ግዴታ ነበረ። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

«ዳጉ»ንም መርሳት አይገባም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በተራ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጠቡ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው። ስለ ዳጉ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የዜናውን ፍጥነት ያደንቃሉ። እኛ ግን ሌላ ጥቅም እናይበታለን። ከሰፈር መውጣት ያቃተው ሽማግሌ ከዓለም አይቆረጥም፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ወሬውን ሊሰጠው ግዴታ አለበት። የሽማግሌውም መታመም በዚያው መንገድ ሩቅ ላለው ልጁ ይደርሳል። «አልሰማሁም» ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

አረጋዊው ደግሞ ተቀባይ ብቻ አልነበረም። የአፋር ሕግ፣ «መድዓ» የሚባለው፣ ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፍ ስለ ኖረ፣ የሕጉ መዝገብ አረጋዊው ራሱ ነበር። የደም ጠብ ሲነሣ፣ ካሳ ሲቆረጥ፣ የቀድሞውን ፍርድ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ኔስቢት በ1928፣ ቴሲጀር በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥተው በአፋር አገር ሲያልፉ ስለ ጎልማሶቹ ጦረኝነት ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን መንገዱን የከፈተላቸው የባላባቶችና የሽማግሎች ስምምነት ነው እንጂ የጎልማሶቹ ጦር አልነበረም።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ገነት ማድረጋችን አይደለም። ከብቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ያልቃል። ልጅ ያልወለደ ወይም ልጆቹ በጠብ ያለቁበት ሰው የሚተማመነው በጎሳው፣ በዘካና ዘመድ በሚያውሰው ወተት ነበር፤ ያ ደግሞ የሚበቃው ዓመቱ ጥሩ ሲሆን ነው። ዋናው ቁም ነገር መጦሪያውም መቀበሪያውም አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ከጎሳው እጅ ይገኙ ነበር።

አሁን ወደ አዋሽ ከተማ እንምጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ. ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት እዚያ ቆይቶ፣ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። በአዋሽ ጣቢያ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ከየአገሩ የመጣ ነበር፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው። ሠራተኛው ደመወዝ ነበረው፤ ዘመድ ግን አልነበረውም። አባቱ ምንጃር ወይም ጨርጨር ቀርቷል፤ እሱ ራሱም ሲሞት ማን እንደሚቀብረው አያውቅም። ለዚህ ፍርሃት የተገኘው መድኃኒት ዕድር ነው።

የዕድር አጀማመር ብዙ ክርክር አለበት። በዚያ ክርክር ውስጥ መግባት ሳያስፈልገን፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በከተሞች፣ ይልቁንም ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩ ሰዎች መካከል እንደ ተስፋፋ መናገር እንችላለን። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ በፊት ሠራተኞች በዕድርና በመረዳጃ ስም ይሰበሰቡ ነበር፤ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1939 ዓ. ም. ሲሆን የሠራተኛና የአሠሪ ሕግ የወጣው ግን ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ዕድር ጸሐፊ አለው፤ ዳኛ አለው፤ መዝገብ፣ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው። ቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የፊዕማ ጠባይ ነው። ጎሳ በሌለበት ቦታ ከተሜው በመቀጫ የታሰረ ማኅበር ለራሱ ሠራ።

ነገር ግን ያሰረው ግማሹን ነው። ዕድር ለሞተው ሰው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ለአልጋ ቁራኛው ግን ድንኳን አይተክልም። አንድ ሽማግሌ 30 ዓመት ሙሉ መዋጮ ሲከፍል ኖሮ፣ በመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት ውሃ የሚያቀብለው ሲያጣ፣ በሞተ ማግስት ግን ሁለት መቶ ሰው ሊሸኘው ይወጣል። በየሰፈራችን ያየነው ነገር ስለ ሆነ አንባቢዎቻችን ምስክር አያስፈልጋቸውም። ዕድርተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ወጪውም ይታወቃል። እርጅና ግን መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ማንም ማኅበር መጨረሻው ያልታወቀ ዕዳ ውስጥ ለመግባት ይፈራል።

የመጦሩን ሥራ ለመውሰድ የሞከረው መንግሥት ነው። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ «ጡረታ» የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ጀርመን በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሠራተኞች የእርጅና መድን ሕግ ስታወጣ የተወሰነው ዕድሜ 70 ዓመት ነበር። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ. ም. ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት እጅ ላሉት ድርጅቶች ሠራተኞች ተዘረጋ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 715 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ሁለቱም በ2014 ዓ. ም. በወጡት አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 ተሻሽለዋል። እነዚህ ሕጎች ደመወዝተኛውን ይጦራሉ። በአዋሽ ጣቢያ ለተሳፋሪ ሻይ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ስትሸጥ የኖረችውን ሴት ግን አያውቋትም። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ. ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መሄዱን ሲያቆም፣ ጡረተኛው ጡረታውን ይዞ ቀረ፤ እርሷ ግን ገበያዋ አብሮ ሄደ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ. ም. ሲመረቅ ለእንደ እርሷ ዓይነቱ ንግድ የቀድሞውን ያህል ቦታ አልነበረውም።

ሕግ ሌላም በር አለው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ወላጁን፣ ወንድምም እኅቱን በችግር ጊዜ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር፤ የ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህን ግዴታ ጠብቆታል። ነገር ግን ልጇን ለቀለብ ፍርድ ቤት የምታቆም እናት ማን ናት? ረሃቡን ትመርጣለች።

በታችኛውና በመካከለኛው አዋሽ የሆነው ነገር ከዚህ የከፋ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ. ም. ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ. ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን በተንዳሆና በአሚባራ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። የአውሳው ሱልጣን ዓሊሚራህ ሐንፈሬም የራሳቸውን ሰዎች ጥጥ እንዲያለሙ አድርገዋል፤ ከእርሻው የተጠቀመ አፋር የለም ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ለእርሻ የተወሰደው ወንዝ ዳር የበጋ ግጦሽ ነበር። ቀደም ሲል እንደ ገለጽነው በበጋ ከሚታለቡት እንስሳት ጋር ወንዝ ዳር የሚቀመጡት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ ጥጡ የተተከለው በማንም ቦታ ላይ አልነበረም፤ በሽማግሌው የወተት ማሰሮ ላይ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት ወንዝ ዳር ጠቦ ቆየው። ወጣቱ እግሩን ተማምኖ ወደ መኪና መንገድ ሄደ፤ መሄድ ያልቻለው የት እንደ ቀረ መገመት አያዳግትም። ከዚያ ድርቅ የተረፉ ቤተሰቦች መንጋቸው እንደ ቀድሞው ሳይሞላ ሌላ ድርቅ፣ ሌላ ጎርፍም መጣባቸው፤ በነሐሴ 2012 ዓ. ም. አዋሽ ሞልቶ ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው በዚህ ሸለቆ ነው። ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ የመጣው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው።

ሰመራ የተነሣችው በዚህ መካከል ነው። የክልሉ መንግሥት መቀመጫውን ከአሳይታ ወደ ሰመራ ያዛወረው በ1990ዎቹ ዓ. ም. ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው በ2000 ዓ. ም. ነው። ከተማይቱ የቢሮ ሠራተኛ፣ የተማሪ፣ የነጋዴና የከባድ መኪና ሹፌር ከተማ ናት። በመንገዷ ላይ ሽማግሌ ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪ አይደለም፤ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ታማሚ ይዞ የመጣ ወይም በቢሮ ጉዳይ ያለው እንግዳ ነው። የሚያርፈው ከጎሳው ልጅ ቤት ነው። አንዲት የኪራይ ክፍል የጎሳውን ሁሉ እንግዳ ትችላለች ተብሎ ይታሰባል፤ ወርኃዊ ደመወዝ የሚበላው ወጣት ጸሐፊ በአሮጌው ሕግ የጎሳው ጧሪ፣ በአዲሱ ሕግ የግብር ከፋይ ነው። ሁለቱን እንዴት እንደሚያቻችል ራሱ ያውቃል።

አሁን ተማሪዎችን ስለሚመለከተው ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ እንናገር። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚልክበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበረው። በ1967 ዓ. ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ሁለቱም በግዴታ ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ ትምህርትና ስለ ልማት ያሰቡትን ያህል ስለ አረጋውያን አላሰቡም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ወጣቶች በክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱበት ልማድ በመላው አገር ተስፋፍቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። አንድ ነገር ግን እንላለን። ክረምት የዕድሳት ወራት የሆነው በደጋው አቆጣጠር ነው፤ በደጋ ትምህርት ይዘጋል፤ ጣሪያ ያፈሳል። በሰመራ ሐምሌ የጣሪያ ወር አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ ወንዙም መሙላት የሚጀምርበት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ብቻዋን ያለች አሮጊት የምትፈልገው ቆርቆሮ ሳይሆን በየቀኑ ውሃ የሚያመጣላት፣ ጥላ ሥር የሚያወጣት ሰው ነው። ቆርቆሮ በአንድ ቀን ተመትቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ውሃ ማመላለስ ግን ፎቶግራፍ የለውም፤ ነገም አለ።

ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ በታኅሣሥም በርትቶ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ሲወጡ፣ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ነበር። መራመድ የማይችለው ሰው በየትኛው ቤት አለ? ማን ይሸከመዋል? በከተማ ይህን የሚያውቅ መዝገብ ከየትም በላይ የሚገኘው ከዕድሩ ጸሐፊ እጅ ነው። ድንኳኑም፣ ድስቱም እዚያው ነው። በአርብቶ አደሩ ሰፈር ደግሞ ዳጉ አለ።

በአዲስ አበባ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ. ም. የጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከትንሽ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል፤ ብዙዎችም በነጻ ያገለግሉታል። ሥራው ትልቅ ነው። ነገር ግን ማዕከሉ የሚያነሣው ከመንገድ የወደቀውን ነው፤ አረጋዊው ሳይወድቅ በቤቱ የሚጦርበትን መንገድ መፈለግ የሌላው ድርሻ ነው። ለዚህም ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ ዓ. ም. የኤች አይ ቪ በሽታ በበረታ ጊዜ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ደንባቸውን ለውጠው በሕይወት ያለውን ታማሚ መርዳት ጀምረው ነበር። ብዙ ሰው እየሞተ ሲያስቸግራቸው ከመቅበር ማስታመም እንደሚቀል ሒሳቡ ነገራቸው። የአዋሽ ዕድር ደንቡ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ቢጨምር፣ ማለትም አባላት በተራ አልጋ ላይ ያለውን አረጋዊ እንዲጎበኙ፣ ተራውን የዘለለም ቀብር እንደ ቀረ መቀጫ እንዲከፍል ቢያደርግ፣ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም ነበር። መቀጫው ለምን አስፈለገ የሚለን ይኖር ይሆናል። በዚህ ሸለቆ ያየነው የመረዳዳት ሥርዓት ሁሉ፣ ፊዕማም ሆነ ዕድር፣ የቆመው በቅጣት ነው፤ በፈቃድ ብቻ ቆሞ የቆየ አላገኘንም።

ለሰመራ ግን ዕድሩም ገና ወጣት ነው። በ1999 ዓ. ም. በ30 ዓመቱ ለሥራ ወደ ሰመራ የገባ ጸሐፊ በ2029 ዓ. ም. 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ ተወለደበት ሰፈር ቢመለስ የሚታለብ ከብት ይጠብቀዋል ወይ? በሰመራ ቢቀርስ በሐምሌ ውሃ የሚያመጣለት ማን ነው? በዚያች ከተማ ዛሬ የሚማሩት ጓደኞቻችን የጸሐፊውን ጎረቤቶች ስም ከአሁኑ ቢመዘግቡ፣ ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ ጥናት ይሆናል።